ከማን ተማርክ?

ሰኔ መጀመሪያ ላይ የእህቴ ልጅ ስምንተኛ ክፍልን ጨረሰች። ምረቃው የተደረገው ሎስ አንጀለስ ውስጥ፣ ከፌርፋክስ ጎዳና ብዙም በማይርቅ የካቶሊክ ቁምስና አዳራሽ ውስጥ ነበር። ከእኛ ሰፈር የሄድነው ብቻ ሦስት ጠረጴዛ ሞልተናል። ልጆቹ አንድ በአንድ እየተጠሩ ወጡ፤ በሒሳብ፣ በሳይንስ፣ በንባብ፣ ዓመቱን ሙሉ አንድም ቀን ባለመቅረት ተሸለሙ። የእኛዋ ሁለት ሜዳሊያ አጠለቀች። እናቷ እልል አለች፣ አበባ ተበረከተ፣ ስልክ ሁሉ ለፎቶ ተነሣ። ቀጥሎ ሎተሪ ወጣ። ከሎተሪው በኋላ፣ ግማሹ ሰው ኮቱን ደርቦ የመኪና ቁልፉን ሲፈልግ፣ ርእሰ መምህሩ የሦስተኛ ክፍል አስተማሪዋን ጠሩ። ሠላሳ ዓመት በዚያው ትምህርት ቤት አስተምረዋል። ስማቸው የተቀረጸበት ትንሽ መስታወት ተሰጣቸው። አመሰገኑ፣ መስታወቱን ወደ ካርቶኑ መልሰው ከተቱት፣ ከመድረኩ ወርደውም ወንበር ማጣጠፍ ጀመሩ።

በእኛ ጠረጴዛ የማከብረው ወንድሜ ተቀምጦ ነበር። «ሠላሳ ዓመት አንድ ክፍል ውስጥ መቀመጥ ምኑ ይሸለማል? የሚሸለም ውጤት ነው» አለ። ብዙዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ዝም አልኩ። ዝም ማለቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ ያኔ ያልሰጠሁትን መልስ አሁን እሰጣለሁ።

ይህን ያለው ሰው ክፉ ሰው አይደለም። ሌሊት መኪና ማቆሚያ ሲጠብቅ አድሮ፣ ቀን ታክሲ ነድቶ ሁለት ልጆች ያስተማረ ነው። የካቶሊክ ትምህርት ቤት ክፍያ ለእሱ ከቤት ኪራዩ ቀጥሎ የሚመጣ ወጪ ነበር። ልጁ ሜዳሊያ ሲያጠልቅ ያ ሁሉ ሌሊት አብሮ ያጠለቀ ያህል ይሰማዋል፤ ተገቢም ነው። ሐሳቡም የእሱ ብቻ አይደለም። ከኦሊምፒክ ቡሌቫርድ እስከ ዊትዎርዝ ድራይቭ ባለው የእኛ መንገድ፣ በየቡና ጠረጴዛው፣ በየእድሩ፣ በየምረቃው ድግስ የሚነገረው ይኸው ነው፦ ውጤት የልጁ ነው፣ ድካሙ የወላጅ ነው፣ አስተማሪው ደመወዙን ተቀብሏል። ረጅም ዓመት ማገልገል ግን መቆየት ብቻ ነው፤ ቆዩ ተብሎ አንድ መስታወት ከተሰጠ በቂ ነው።

እኔ የምለው ሌላ ነው። መቆየት ራሱ ሥራ ነው፤ ልጆቻችን ካጠለቁት ሜዳሊያ ሁሉ በስተጀርባ ያለውም ዋናው ሥራ እሱ ነው። በዚህ ከተማ ይህን ከማንም በፊት ልናውቅ የሚገባን እኛ ነን። ፌርፋክስ ላይ «ሊትል ኢትዮጵያ» የሚለው ምልክት የተሰቀለው እ.ኤ.አ. በ2002 የከተማው ምክር ቤት ሰፈሩን በዚህ ስም እንዲጠራ ስለወሰነ ነው። ምክር ቤቱ የምግብ ቤቶቹን ትርፍ አላወዳደረም። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ኪራይ ቢጨምርም፣ ገበያ ቢቀዘቅዝም እዚያው የጸኑ ሰዎች ስለተገኙ ነው ቦታው በስማችን የተጠራው። ያ ክብር የመቆየት ክብር ነው። ለራሳችን ሲሆን በኩራት ተቀብለነዋል።

አሁን አንድ ነገር በቅርብ ላሳይ። የእህቴ ልጅ ስም በ«ጽ» ይጀምራል። የዚህ አገር ሰው አፍ ይህን ፊደል አያውቀውም። ሐኪም ቤት በ«ስ» ይጠሯታል፣ ቤተ መጻሕፍት በ«ዝ»፣ የኳስ አሠልጣኟ ደግሞ ስሙን ትቶ ሌላ ስም አውጥቶላታል። ሦስተኛ ክፍል በገባችበት የመጀመሪያ ቀን ግን እኒያ አስተማሪ ስሟን ልክ እንደ እናቷ ጠሩት፤ ምላሳቸውን ከጥርሳቸው ኋላ ወጥረው፣ ትንፋሻቸውን ቆጥበው፣ «ጽ» ብለው። ልጅቷ ያን ቀን ቤት ገብታ ስለ አዲሱ ክፍሏም ስለ አዲሱ ቦርሳዋም አላወራችም፤ የነገረችን ይህንኑ ብቻ ነው።

እህቴ ከየት እንዳገኙት ስትጠይቃቸው ታሪኩን ነገሯት። ከሃያ ዓመት ገደማ በፊት ከእኛ ልጆች አንዱ ክፍላቸው ገባ። ስሙ ሲበላሽ ልጆች ሳቁበት፣ እሱም አለቀሰ። በማግስቱ እናቱ ልጇን ልትወስድ ስትመጣ በር ላይ አቁመዋት ደግማ ደጋግማ እንድትጠራላቸው ለመኗት፤ እስኪለምዱት ድረስ አላስኬዷትም። ከዚያ ወዲህ የገባ የሐበሻ ልጅ ሁሉ ያቺ እናት ቆማ ባስተማረችው አጠራር ይጠራል። እናትየዋ ምናልባት ከሰፈሩ ርቃ ሄዳ ይሆናል፤ ትምህርቷ ግን እዚያ ክፍል ውስጥ አለ።

ስሙ መጀመሪያው ነው። እኒህ አስተማሪ የእናትና የልጅ የመጨረሻ ስም ባይመሳሰል ፍቺ አለ ወይ፣ አሳዳጊ ናት ወይ ብለው አይጠራጠሩም፤ እኛ በአባት ስም እንደምንጠራ ያውቃሉ። የእኛ ዐቢይ ጾም ከካቶሊኮቹ ጋር እንደማይገጥም፣ ለካቶሊኩ ልጅ በዓርብ የሚፈቀደው አይብ ያለበት ፒዛ ለእኛ ልጅ እንደማይሆን ያውቃሉ። ጃንዋሪ 7 ቀን ልጁ የቀረው ታሞ ሳይሆን ገና ስለሆነ ነው ብለው አስቀድመው ይመዘግባሉ። በትምህርት ቤቱ ቅዳሴ ሰዓት የእኛ ልጆች ቁርባን ስለማይቀበሉ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አመሳቅለው ቡራኬ ብቻ ተቀብለው እንዲመለሱ፣ ማንም ልጅ ማንንም ሳያሳፍር፣ ያሰልፏቸዋል። እንግሊዝኛው ስላልተቃናለት ስብሰባ የሚሸሸውን አባት ለይተው ያውቁታል፤ በር ላይ ጠብቀው የልጁን ደብተር ገልጠው በጣታቸው እያሳዩ ያነጋግሩታል።

ይህ ሁሉ በአንድ ዓመት አይገኝም፣ በሥልጠናም አይሰጥም። የተጠራቀመው በአንዲት ሴት ራስ ውስጥ ነው። እሳቸው የሄዱ ዕለት አብሮ ይሄዳል፤ እኛም ስማችንን፣ ጾማችንን፣ በዓላችንን ለአዲስ ሰው ከሀ እንጀምራለን። እሱም ሁለት ዓመት አስተምሮ ደመወዙ አልበቃ ሲለው ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ይሻገራል፤ ለሚተካው ደግሞ እንደገና ከሀ። ይህን የምለው በስሜት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ ታዋቂ ጥናት የኒው ዮርክ ከተማን የአራተኛና የአምስተኛ ክፍል ተማሪዎች የስምንት ዓመት ውጤት መርምሮ ነበር። መምህራን በብዛት በሚለዋወጡበት ቦታ የልጆቹ የእንግሊዝኛም የሒሳብም ውጤት እንደሚወርድ አገኘ። ጉዳቱ የራሳቸው አስተማሪ ሳይለወጥ የቆየላቸውን ልጆች ጭምር ይነካል። የበረታው ደግሞ ብዙ ጥቁር ተማሪዎች ባሉባቸው ትምህርት ቤቶች ነው። ያ ወንድሜ «የሚሸለም ውጤት ነው» ሲል ውጤቱ ከየት እንደሚመጣ አልጠየቀም።

አባቶቻችን ግን ይጠይቁ ነበር። በአብነት ትምህርት ቤት ለደረሰ ሰው የሚቀርብለት የመጀመሪያ ጥያቄ «ከማን ተማርክ?» ነው። ድጓ የተማረ ቤተልሔም ገብቶ ካላስመሰከረ፣ ዝማሬ መዋሥዕት የተማረ ዙር አባ ካልወረደ ትምህርቱ ሙሉ ነው አይባልም። ቅኔ የዘረፈ ሰው ከዋሸራ ይሁን ከጎንጅ፣ ከየትኛው የኔታ እግር ሥር እንደተቀመጠ ይናገራል፤ መምህሩም ከማን እንደተማሩ ያውቃል፤ ሐረጉ ወደ ላይ ይመዘዛል። ምስክር ወረቀቱ የመምህሩ ስም ነበር። የሚንከራተተው አኩፋዳውን ያንጠለጠለው ተማሪ ነው፤ የኔታ ቦታቸው ላይ ይቀመጣሉ። እሳቸው እዚያ በመቀመጣቸው አገር ሁሉ ወደዚያ መንደር ይጓዛል። በዚህ ሥርዓት ውስጥ «ሠላሳ ዓመት አንድ ቦታ መቀመጥ ምኑ ይሸለማል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ጨርሶ አይገኝም ነበር።

ዘመናዊው ትምህርት ቤት ጥያቄውን ለወጠው። «ስንተኛ ወጣህ?» ሆነ። ይህን ስል ደረጃ መስጠትን፣ መሸለምን ከሚጠሉት ወገን አይደለሁም። ሰኔ ላይ የወላጆች ቀን ሲደርስ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡት በደብተርና በመጽሐፍ ሲሸለሙ ከኋላ ቆሜ የተመኘሁ ልጅ ነበርኩ፤ ያ ምኞት አስጠንቶኛል። ለልጅ ሜዳሊያ ይሰጠው፣ ይጨመርለትም። የምቃወመው ሜዳሊያው ከመምህሩ ስም መነጠሉን ነው።

ይህች ከተማ ውጤትን ብቻ መለካት የት እንደሚያደርስ አይታለች። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2010 ሎስ አንጀለስ ታይምስ ጋዜጣ የከተማውን የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የ6,000 ያህል መምህራን ስም ከልጆቻቸው የፈተና ውጤት በተሰላ ደረጃ አስደግፎ አወጣ። ጎረቤት የጎረቤቱን አስተማሪ ደረጃ ድረ ገጽ ከፍቶ ያነብ ጀመር። በማግስቱ ዓመት የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያንኑ መረጃ ወስደው አሰላሉን ትንሽ ቢያሻሽሉት፣ በንባብ ረገድ ከግማሽ የሚበልጡት መምህራን ደረጃቸው ተለወጠ። ሰዎቹ ያው ናቸው፣ ልጆቹ ያው ናቸው፣ የተለወጠው ቀመሩ ነው። «ውጤት ብቻ» የሚለው ሚዛን ይህን ያህል ይወዛወዛል። እኒያ የሦስተኛ ክፍል አስተማሪ «ጽ»ን ማለት የቻሉበት ከሰዓት በየትኛው ቀመር ይገባል?

የካቶሊክ ትምህርት ቤቶችን ደግሞ ይህ ክርክር ከሌላው ይበልጥ ይነካቸዋል፤ የቆሙት በመቆየት ላይ ነውና። አዲስ አበባ ያደገ ሁሉ የቅዱስ ዮሴፍን ትምህርት ቤት ያውቃል። ያን ትምህርት ቤት ያቆሙት የላሳል ወንድሞች ናቸው፤ ማኅበራቸው ሊፈርስ በተቃረበበት ወቅት፣ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 21 ቀን 1691 ላይ፣ መሥራቹ ዮሐንስ ባፕቲስት ዴ ላ ሳል ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ቃል ገባ፦ ለምነን፣ ደረቅ እንጀራ በልተን ብንኖር እንኳ ይህን ሥራ ትተን አንሄድም ብለው። ጎበዝ አስተማሪ እንሆናለን፣ ከሌሎች እንበልጣለን አላሉም፤ አንሄድም አሉ። ፓፓ ፒዮስ 12ኛ በ1950 ዴ ላ ሳልን የመምህራን ሁሉ ጠባቂ ቅዱስ ብለው ሰይመውታል። የማኅበሩ ሥር መጽናት መሆኑን የማያውቅ ሰው ትምህርት ቤቱን አላወቀውም።

እዚህ ላይ ሌላ ወገን ይነሣል፤ ከመጀመሪያውም ይልቅ የምፈራው እሱን ነው። «ልክ ነው፣ መቆየት ትልቅ ነገር ነው፤ ግን ይህ መንፈሳዊ ጥሪ ነው፣ ዋጋቸውን ከእግዚአብሔር ያገኛሉ» ይላል። ቃሉ መልካም ይመስላል። የሚያስከትለው ምን እንደሆነ ግን እዚሁ ሎስ አንጀለስ አካባቢ ታይቷል። ከከተማው በስተደቡብ ባሕር ዳር ሄርሞሳ ቢች ላይ የጓዳሉፔ እመቤታችን ትምህርት ቤት አለ። እዚያ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ያስተማሩ አንዲት መምህር በ2015 ውላቸው አልታደሰም። በወጣት ሊተኩኝ ነው፣ በዕድሜዬ ምክንያት ነው ብለው ከሰሱ፤ ትምህርት ቤቱ የሥራ ብቃት ነው አለ። በቶራንስ የቅዱስ ያዕቆብ ትምህርት ቤት ያስተማሩ ሌላዋ መምህር ደግሞ የጡት ካንሰር ይዟቸው ለሕክምና ፈቃድ በመጠየቄ ውሌ ሳይታደስ ቀረ አሉ፤ ትምህርት ቤቱ እዚያም የሥራ ድክመት ነው ብሎ ተከራከረ። ሴትየዋ ፍርዱን ሳያዩ በ2019 ሞቱ።

ሁለቱ ጉዳዮች ተጣምረው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሱ። እ.ኤ.አ. ጁላይ 8 ቀን 2020 ፍርድ ቤቱ በ7 ለ2 ድምፅ ወሰነ። የካቶሊክ ትምህርት ቤት መምህር ሃይማኖትን የማስተማር ኃላፊነት ስላለባቸው እንደ ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ይታያሉ፤ ስለዚህ የሥራ መድልዎን የሚከለክለው ሕግ ለእነሱ አይደርስላቸውም ተባለ። ከሳሾቹ እውነት ነበራቸው ወይስ አልነበራቸውም የሚለው ጭብጥ አልተመረመረም፤ በሩ ላይ ተዘጋ። ቤተ ክርስቲያን ሃይማኖቷን የሚያስተምርላትን ሰው ራሷ የመምረጥ መብት እንዳላት አልክድም፤ የእኛም ቤተ ክርስቲያን መንግሥት ገብቶ ካህኗን እንዲመርጥላት አትፈልግም። ግን ልብ እንበል፦ «አገልጋይ» የሚለው የክብር ስም ነው እኒያን መምህራን ከሕግ ጥላ ያወጣቸው። ክብር ብቻ የተሰጠው ሰው ምን ያህል ራቁቱን እንደቆመ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ የለም። በዚህ ሀገረ ስብከት ያለ የቁምስና መምህር ውል በየዓመቱ የሚፈረም ነው። ሠላሳ ዓመት ማለት ሠላሳ ጊዜ «ዘንድሮስ ያድሱልኝ ይሆን?» እያሉ ጸደይን መጠበቅ ማለት ነው። የመንግሥት ትምህርት ቤት አቻው ማኅበር አለው፣ የክፍለ ሀገሩ የመምህራን ጡረታ አለው፤ በጃንዋሪ 2019 የሎስ አንጀለስ መምህራን ስድስት የትምህርት ቀን ሥራ አቁመው ጥያቄያቸውን ማስከበር ችለዋል። የቁምስናው መምህር የተሰጠው መስታወት ነው።

«ዋጋው ከእግዚአብሔር ነው» የሚለው አስተሳሰብ ከየት እንደመጣም ማወቅ ይገባል። በ1884 የባልቲሞር ጉባኤ ለእያንዳንዱ ቁምስና ትምህርት ቤት እንዲሠራ ካዘዘ በኋላ ይህን ግዙፍ ነገር የተሸከሙት መነኮሳይያት ናቸው። በ1960ዎቹ አጋማሽ የአሜሪካ የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች ከአምስት ሚሊዮን በላይ ልጆች ያስተምሩ ነበር፤ ክፍያው ዝቅተኛ የሆነውም የሚያስተምሩት ሴቶች ደመወዝ የማይሉት ጥቂት ገንዘብ እየተቀበሉ ዕድሜያቸውን ስለሰጡ ነው። የሎስ አንጀለስ ዕጣ የታወቀ ነው። የንጽሕት ልበ ማርያም እህቶች የዚህ ሀገረ ስብከት ብዙ ትምህርት ቤቶች ምሰሶ ነበሩ። በ1967 አኗኗራቸውን ለማደስ ሲነሡ፣ እህቶቻችን በቂ ዝግጅት ሳይኖራቸው ወደ ክፍል አይገቡም ብለውም ሲጠይቁ፣ ካርዲናል ማክንታየር አልተቀበሏቸውም። በ1970 ከ300 በላይ የሚሆኑት መሐላቸውን ትተው በአኒታ ካስፓሪ መሪነት የራሳቸውን ማኅበር አቆሙ። ከተማዋ የዐሥርት ዓመታት ልምድ በአጭር ጊዜ አጣች። መነኮሳይያቱ ሄዱ፤ ቦታቸውን የያዙት ኪራይ የሚከፍሉ፣ ልጅ የሚያሳድጉ ተራ ሰዎች ናቸው። አስተሳሰቡ ግን አልተቀየረም፤ አሁንም የምንጠብቀው የመነኩሲት መሥዋዕትነት ነው። ዛሬ በአገሪቱ በእነዚህ ትምህርት ቤቶች ያለው ተማሪ ወደ 1.7 ሚሊዮን ወርዷል፤ በወረርሽኙ ጊዜ፣ በ2020ው የትምህርት ዓመት ብቻ፣ 209 ትምህርት ቤቶች ተዘጉ ወይም ተዋሐዱ። ልጆቻችንን የምንልክበት ቤት ግድግዳው እየሳሳ ነው።

በዚህ ሁሉ ላይ አንድ እውነተኛ ተቃውሞ አለ፤ ላልፈው አልችልም። ሁሉም የቆየ መምህር መልካም አይደለም። አገር ቤት የተማረ ሰው ይህን በገላው ያውቀዋል። እኔን አራተኛ ክፍል ያስተማሩኝ ሰው ረጅም ዘመን ያገለገሉ ነበሩ፤ ከእሳቸው የማስታውሰው ግን ማባዣ ሠንጠረዥ ሲጠፋብኝ በአለንጋ የቀላ መዳፌን ነው። እሳቸውን ስለቆዩ ብቻ አመስግን ብባል አላመሰግንም። ይሁንና ከዚህ የሚወጣው ትምህርት የመቆየትን ክብር መንፈግ አይደለም። ያኔ ማንም ወላጅ ክፍሉ ውስጥ ገብቶ አይቶ አያውቅም ነበር። መምህሩ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ማንም ሳያያቸው ኖረው በመጨረሻ ቀን ብቻ ተጠርተው ካባ ለበሱ። መስታወት የሚሰጠው አዳራሽም ያንኑ ያደርጋል፤ መልካሙንም ክፉውንም ሳያይ እኩል ያሰናብታል። በየዓመቱ የሚጠየቅ፣ ልጆቹ የሚመሰክሩለት፣ ወላጆች በስሙ የሚያውቁት መምህር ቢሆን ኖሮ እኒያ ሰውዬ ቀድመው በታረሙ ወይም በተነሡ ነበር። መልካሞቹም ሥራቸው ሳይታይ ባልጠፋ ነበር።

የእኛ ታሪክ ደግሞ የዚህን ዕዳ ጠንቅቆ ያውቃል። ሐረር ላይ ራስ መኮንን ለልጃቸው ለተፈሪ ትምህርት ሲያስቡ የተማመኑት የካፑቺኑን ሞንሴኞር አንድሬ ጃሮሶን ነው፤ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ኢትዮጵያ ውስጥ የኖሩ ሰው። ልጁን ቀርበው ያስተማሩት ኢትዮጵያዊው የካቶሊክ ካህን አባ ሳሙኤል ወልደ ካህን ናቸው። በ1907 ዓ.ም. ሐሮማያ ሐይቅ ላይ ጀልባ ሲሰምጥ ተፈሪ ተረፉ፣ አባ ሳሙኤል ሞቱ። ተፈሪ ንጉሠ ነገሥት ከሆኑ በኋላ «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» በተሰኘው መጽሐፋቸው የሕይወታቸውን ታሪክ ሲጽፉ የእኒህን መምህር ስም በምስጋና አስፍረዋል። ኦርቶዶክሳዊ ንጉሥ የካቶሊክ መምህሩን ስም ለመጥራት አላፈረም። እኛ ግን ልጃችን ከእነማን እንደተማረ ስንጠየቅ የትምህርት ቤቱን ስም እንናገራለን፤ ትምህርት ቤቱ ሕንፃ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1945 የተፈሪ መኮንንን ትምህርት ቤት የተረከቡት፣ በ1950ም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅን ያቋቋሙት ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ሉሲየን ማት እንኳ ዛሬ በስንቱ ተማሪያቸው ቤት ይታወሳሉ? ከባልደረቦቻቸው ጋር ቀሚሳቸውን አውልቀው በሲቪል ልብስ፣ ሃይማኖት ሳይሰብኩ ያስተማሩ ናቸው። አንድ ትውልድ ባለሥልጣንና ምሁር በእጃቸው አልፏል። የዲግሪው ፎቶ በየሳሎኑ ተሰቅሏል።

ስለዚህ የፌርፋክስ ወላጆችን በቀጥታ የምጠይቀው አለኝ። በየዓመቱ ጎበዝ ልጆቻችንን ሰብስበን የምናከብርበት እራት አለ፤ በዚያ ምሽት እያንዳንዱ ተሸላሚ ልጅ ሜዳሊያውን ከማጥለቁ በፊት የአንድ መምህር ስም ይጥራ፣ ምን እንዳስተማሩትም በአንድ ዓረፍተ ነገር ይናገር። መምህሩ በዚያ አዳራሽ ከፊት ይቀመጡ። ለልጆች የትምህርት ድጋፍ ብለን ከምናዋጣው ላይ እኩሌታውን፣ እኩሌታው ከበዛ ሲሶውን፣ ሃያ ዓመት ላለፋቸው የቁምስና መምህራን የጡረታ መደጎሚያ እናድርገው። እድር ለቀብር ማዋጣት የሚያውቅ ሕዝብ በቁም ላለ ሰው ማዋጣት አያቅተውም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ልጆቻችን ያሉባቸውን ትምህርት ቤቶች እንጠይቅ፦ አሥር ዓመት ያገለገለ መምህር የሦስት ዓመት ውል ይፈረምለት። ይህን ለመፈረም የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፈቃድ አያስፈልግም። ሕጉ ትምህርት ቤቱ መምህሩን እንዲያሰናብት አያስገድደውም፤ መብቱን ብቻ ነው የጠበቀለት። በመብቱ እንዴት እንደሚጠቀም ደግሞ ክፍያ የሚከፍል ወላጅ የሚናገርበት ጉዳይ ነው። ስለ ዩኒፎርም ካልሲ ቀለም ስብሰባ የምንጠራ ሰዎች ስለዚህ አንድ ቀን ተሰብስበን አናውቅም።

ለዚያ ወንድሜም ሄጄ ይህን ሁሉ ነገርኩት። ቡናው ሁለተኛውን ስኒ እስኪያልፍ ተከራከርን። «እሺ፣ ግን ክፍያው ሊጨምርብን ነው» አለ። አዎ፣ ሊጨምር ይችላል። ክብሩ የእኛን ኪስ የማይነካ ከሆነ ከልባችን የወጣ ክብር አይደለም አልኩት። ከዚያ ጠየቅኩት፦ «አንተን ማን ነው ማንበብ ያስተማረህ?» ብዙ ጊዜ ወሰደበት። አንዲት እመሆይ ናቸው አለ፣ ደሴ፣ ጓሯቸው ኮክ ዛፍ ነበረ። ስማቸውን ጠራው። ልጆቹ ይህን ስም ሰምተው ያውቁ እንደሆነ ጠየቅኩት። አያውቁም።

የሚቀጥለው ዓመት ውል በጸደይ ይፈረማል። ከዚያ በፊት አብረን ወደ ርእሰ መምህሩ ቢሮ የምንገባ ወላጆችና ዘመዶች ስም መመዝገብ ጀምሬአለሁ። እስካሁን አራት ነን፤ አራተኛው እሱ ነው።